«በእርግጠኝነት» የሚለው ቃል

የዚያን ቀን ጠዋት በኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ አዲስ የገቡ ተማሪዎች መጠይቅ ይሞሉ ነበር። እስክሪብቶ ይዋዋሳሉ፤ የጎረቤታቸውን መልስ ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «ልክና ስህተት የለውም፤ የሚሰማችሁን ብቻ ሙሉ» እያለ በመካከላቸው የሚመላለሰው መምህሩ ሀፊዝ ነው።

ሀፊዝ የደሴ ልጅ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሰፈር። የትምህርት ሥነ ልቦና የተማረው ግን ኖርዌይ ነው። ከተመለሰ ወዲህ «መምጣቴ ልክ ነበር?» የሚል ጥያቄ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁረው ይውላል። ዛሬ ግን ጠጠሩ የለም። እዚያ የተማረውን የዝንባሌ መመዘኛ በራሱ እጅ ወደ አማርኛ መልሶ አምጥቷል። ጓደኛው ስለመረጠ ወይም አጎቱ ስላዘዘው ብቻ፣ ለእሱ የማይሆን ትምህርት ገብቶ ዓመታቱን አባክኖ የሚወጣው ልጅ ብዙ ነው። ይህ መጠይቅ ያንን ያስቀራል ብሎ ያምናል፤ እምነቱም ከንቱ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ዘለለ። የመመዘኛው መመሪያ «ከተማሪው ጋር ተቀምጣችሁ ሳትነጋገሩ አትወስኑ» ይላል። ተማሪው በዛ፣ ጊዜው አጠረ። ሀፊዝ ነጥቡን ደምሮ ለኮሌጁ ዲን ለአቶ ደምለው አስረከበ።

አቶ ደምለው ነገር ሲያጥርላቸው ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው። «ግሩም ነው። የዓላማ ጽናት በሚለው ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣውን የኤሌክትሪክ ትምህርት ክፍል አናስገባውም። ልቡ እዚህ ለሌለ ልጅ መሣሪያ አናባክንም» አሉ። ሀፊዝ ቅር አለው። ሥራው ስለተወደደለት ግን እሺ ብሎ ወጣ።

ምደባው በተለጠፈ ማግስት፣ ኤሌክትሪክ ተከልክላ ቢሮ አስተዳደር የተመደበችው ሰልዋ ሀፊዝ ዘንድ መጣች። ከትንሿ የቢስቲማ ከተማ የመጣች፣ ከኋላ ወንበር የማትጠፋ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። «እኔ ዓላማ የለኝም እንዴ?»

«እኔ አላልኩም፤ መመዘኛው ነው ያለው።»

«መመዘኛው ቢስቲማን ያውቃታል?»

ሀፊዝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በብዙ አገር የተፈተነ ነው፣ ሰልዋ። የቢሮ አስተዳደርም እኮ ጥሩ ትምህርት ነው።»

«ጥሩ ነው፤ የኔ ግን አይደለም። አባቴን ያስፈቀድኩት በኤሌክትሪክ ነው። 'የእጅ ሙያ ከሆነ ተማሪ፤ አለዚያ እህትሽ ሪያድ ያገኘችልሽ የሰው ቤት ሥራ ይሻላል' ብሎኛል። ቅዳሜ መጥቶ ይወስደኛል።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ጠጠሩ ተመልሶ ጫማው ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ሀፊዝ ከቤት ሊወጣ ሲል እናቱ ወይዘሮ ከድጃ ግቢ ውስጥ ለታሰረው በግ ሣር ይሰጡ ነበር።

«እማ፣ ማታ መጥቼ የሚያፈሰውን ጣሪያ እጠግንልሻለሁ።»

«ኢንሻአላህ በል እንጂ። ማታን ማን ሰጠህ?»

«በቃ እጠግናለሁ አልኩሽ።»

«በል ብዬሃለሁ። የፈረንጅ አገር ምላስህን አሳጠረው?»

ሀፊዝ ሊራመድ ያነሣውን እግር መልሶ ቆመ። ከመጠይቁ አንድ ዐረፍተ ነገር ብልጭ አለበት። «እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 'ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደምደርስ በእርግጠኝነት አውቃለሁ።' ትስማሚያለሽ ወይስ አትስማሚም?»

«አስተግፊሩላህ።» ሣሩ ከእጃቸው ወደቀ። «በፍጹም አልስማማም። ነገን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ይሄን ነው የሰው ልጅ ሰብስበህ የምትጠይቀው?»

«ታዲያ ይሄን በግ ለምን ትቀልቢያለሽ?»

«ለዓረፋ ነዋ።»

«ለዓረፋ መድረስሽን በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። ካደረሰኝ አብረን እናርደዋለን፤ ካላደረሰኝ እናንተ ታርዱታላችሁ። ነገን አላውቅም ብዬ በጉን ላስርበው?»

ሀፊዝ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ሰልዋም ሌሎቹም «በፍጹም አልስማማም» ላይ ምልክት ያደረጉት ዓላማ ስላጡ አልነበረም። በእርግጠኝነት አውቃለሁ ማለት ስለከበዳቸው ነው። እዚያ ማዶ በራስ መተማመን የሚባለው፣ እዚህ ወሎ የፈጣሪን ሥልጣን መጋፋት ነው። ሰልዋ ሐቀኛ ሆና በመለሰች ነጥቧ ተቆረጠ። እሱም በዚህ ግቢ አድጎ፣ ይህንኑ «ኢንሻአላህ» እየሰማ ኖሮ፣ መጠይቁን ሲተረጉም ትዝ አላለውም።

«ቁርስህስ?» አሉ እናቱ፣ ሲሮጥ አይተው።

«ስመለስ፣ ኢንሻአላህ።»

«አሁን ልጄ መጣ» አሉ።

ከደሴ የተነሣው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሀፊዝ ሰልዋ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ሲወረወሩ ወንበሩን ይዞ ወደፊት ያዘነብላል፤ ልቡ ከመኪናው ቀድሞ ኮምቦልቻ ገብቷል። ሾፌሩ ሰው ሊጭን ሲያቆምም «ስለ አላህ ብለህ ንዳው» አለው።

አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ገላምጠው አዩት። «ሚስት አመለጠችህ?»

«ተማሪ ነው ያመለጠችኝ።»

«ተማሪ ከአስተማሪ ሲሸሽ አውቃለሁ። አስተማሪ ተማሪ ሲያሳድድ ያየሁት ገና ዛሬ ነው» አሉ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ሀፊዝም ሳቀ፣ እግሩ ግን ወለሉን መምታት አልተወም።

መናኸሪያ ሲደርስ የሰልዋ ፍራሽ በገመድ ታስሮ ወደ አውቶብሱ ጣሪያ እየተሳበ ነበር። አባቷ አቶ በሺር ከሥር ቆመው ይደግፉታል፤ ሰልዋ ቦርሳዋን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

«አባባ፣ አንዴ ይታገሱኝ» አለ ሀፊዝ እያለከለከ። «የሰልዋ አስተማሪ ነኝ።»

«ዓላማ የላትም ያልከው?»

«አዎ፣ እኔው ነኝ። ሳልጠይቃት ነው ያልኩት። አሁን በእርስዎ ፊት ልጠይቃት።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሰልዋ፣ በእርግጠኝነት አውቃለሁ በሚለው ለምን አልስማማም አልሽ?»

«ነገን ማን ያውቃል? አውቃለሁ ብዬ ብሞላ ውሸት ይሆንብኛል።»

«እሺ፣ አላህ ካለ የት መድረስ ትፈልጊያለሽ?»

ሰልዋ ቀና አለች። «የኛ ሰፈር ውሃ የሚሳበው በሞተር ነው። ሲበላሽ ባለሙያው ከደሴ እስኪመጣ ሴቱ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። ሲጠግን አጠገቡ ቆሜ አየዋለሁ። አላህ ካለ እሱን ተምሬ፣ እዚያው ቢስቲማ ሱቅ ከፍቼ፣ የዙሪያውን ሞተር ሁሉ ልጠግን ነው ሐሳቤ። የሱቁን ቦታ ሳይቀር አይቻለሁ።»

አቶ በሺር ፍራሹን መደገፍ ትተው ልጃቸውን አዩ። «ይሄን ለኔ መች ነገርሽኝ?»

«መች ተጠየቅኩ፣ አባዬ?»

ሰውዬው ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ጮኹ። «ፍራሹን አውርደው።» ከዚያ ሀፊዝን «የቀኑ ሶላት፣ ዙህር እስኪሰገድ እጠብቅሃለሁ። ባዶ እጅህን ከመጣህ ግን ይዣት እሄዳለሁ» አሉት።

ኮሌጁ ቅዳሜም ያስተምራልና አቶ ደምለው ቢሮ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁሉንም አንድ በአንድ ስናናግር ዓመቱ ያልቅብናል። ቁጥር አያዳላም፣ ሀፊዝ።»

«ጋሽ ደምለው፣ ቴርሞሜትር ትኩሳትዎን ይናገራል፤ የት እንዳመመዎት የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት። እኔ ቴርሞሜትሩን ብቻ አይቼ መድኃኒት አዘዝኩ።»

«እንግዲያ መጠይቁን እንጣለዋ።»

«አንጥለውም። ጥያቄውን እናርመው፤ ውጤቱ የጨዋታችን መጀመሪያ ይሁን እንጂ ፍርድ አይሁን። እስኪ እርስዎም አንዱን ይመልሱልኝ።» ያንኑ ዐረፍተ ነገር አነበበላቸው።

አቶ ደምለው መነጽራቸውን አወለቁ። «በእርግጠኝነት?» አማተቡ። «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ይሄንንማ እንዴት ብዬ እስማማለሁ?»

«በመመዘኛችን መሠረት ዓላማ የለዎትም፤ ቢሮ አስተዳደር ተመድበዋል።»

ዲኑ አፈጠጡበት። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። «ሂድ፣ የተለጠፈውን አንሳው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስታናግራቸው ግን ብቻህን አይደለህም፤ ግማሹን ለኔ ስጠኝ።»

የዙህር አዛን ሲሰማ ሀፊዝ ከግድግዳው ገንጥሎ ያነሣውን ምደባ በእጁ ይዞ ወደ መናኸሪያው ይሮጥ ነበር።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ በየተራ ተጠሩ። መጠይቁ ያገኛቸው እውነተኛ ችግሮችም ነበሩ። ሙንዚር የሚባለው ልጅ ኤሌክትሪክን የመረጠው ከጓደኛው ላለመለየት ነበር፤ ሲጠየቅ ልቡ ያለው ሂሳብ አያያዝ ላይ እንደሆነ ተናገረና ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሎት ወጣ። መመዘኛ እንዲህ ነው፤ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብን ያሳየናል እንጂ ገብቶ አያናግርልንም። እኛ መምህራንም ወላጆችም ግን ልጁን ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ልጁ የተጻፈውን ማንበብ ይቀለናል። ብዙ ልጅ የሚጠፋብንም በዚህች ስንፍና ነው።

ሰልዋ በተራዋ ስትመጣ ቁጭ አለች። ስለ ትምህርቷ ብዙ አወሩ።

«በይ፣ ሰኞ ኤሌክትሪክ ወርክሾፕ እንገናኝ» አላት ሀፊዝ።

ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ አየችውና እጀታውን እንደያዘች ቆመች። የምትጠብቀው ነገር ነበር።

«ኢንሻአላህ» አለ ሀፊዝ።

«ኢንሻአላህ» ብላ ወጣች።