መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

«ራሱን ነው የጣለው! ሕሊናው አላስቀምጥ ብሎት ነው» ይላል የሕንጻው ዘበኛ፤ ለፖሊሱም ለአላፊ አግዳሚውም። አስከሬኑ ገና ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ ሥር ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል። ወሬው ግን ፎቁን ሁሉ አዳርሷል፦ የመድኃኒት መስጫ ፓምፕ ፕሮግራም የሚጽፈው ልጅ፣ ፓምፑ ባለፈው ሳምንት ሁለት በሽተኞች ስለገደለ ራሱን ገደለ።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ የሟቹን እኅት ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«ወንድሜ ከጥፋቱ አይሸሽም። "ራሱን አጠፋ" ብዬ እናታችን ፊት በየትኛው ዓይኔ ልቁም?»

«ለጊዜው ምንም እንዳትነግሪያት» አለቻት መርፌ፤ ወደ ሟቹ ቢሮም ገባች።

ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። የሟቹ ኮምፒዩተር ትናንት የተገዛ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ ከጠርዙ አልተላጠም። ስክሪኑ ተቆልፏል። «ፕሮፌሰር» የሚባለው የሥራ ባልደረባው ጥግ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«መቼ ተለያያችሁ?»

«አራት ሰዓት ላይ። ጩኸት እስክሰማ፣ እስከ አምስት ሰዓት፣ ከታች ካፌ ነበርኩ። ወደዚህ አልተመለስኩም።»

«ምን ሲሠራ ተውከው?»

«ዲበገር ከፍቶ ነበር። ያ ጥቁሩ መስኮት፣ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆሙ ስህተት የሚፈልጉበት። መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አቁሞ አፍጥጦ ነበር። ፊቱ ያስፈራ ነበር፣ እመቤቴ።»

«እመቤትነቱ ይቅርብኝ። የመስመሩን ቁጥር በቃልህ ያዝከው?»

«ዓይኔ ስል ነው።»

«የእኔም አይታማም።»

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱን አለቃ፣ እኅትየዋን፣ ዘበኛውንና ፕሮፌሰርን እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ኮምፒዩተር ባለሙያዎቻችን ከፈቱት። ዛሬ ጠዋት ዲበገር አልነበረውም። ሟቹ ፓኬጅ ማኔጀሩን አዘዘ፤ ፕሮግራም ከነጓዙ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭነውን ማለቴ ነው። እሱ ደግሞ እንደ ቀብቃባ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ምን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ ሳይመዘግብ አያልፍም። ዲበገሩ የገባው አራት ከአርባ ላይ ነው።»

ፕሮፌሰር ለመሳቅ ሞከረ። «የአዲስ ኮምፒዩተር ሰዓት እኮ ይሳሳታል።»

«እሱንም አየሁ። የቢሮው የኢንተርኔት መዝገብም አራት ከአርባ ይላል። ታዲያ አንተ በአራት ሰዓት ያልነበረ ፕሮግራም እንዴት አየህ? ፖሊስ በሩን ሲከፍት ስክሪኑ ተቆልፎ ነበር፤ ስንከፍተው ዲበገሩ እውነትም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል። መስመሩን ያየ ሰው ከአራት ከአርባ በኋላ፣ ሟቹ ከመውደቁ በፊት፣ ከጀርባው የቆመ ነው።»

ዘበኛው «ራሱን ነው...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

ፕሮፌሰር ፊቱን ወደ በረንዳው አዞረ። «"አገኘሁት፣ ዛሬውኑ ለአለቃ እናገራለሁ" አለኝ። ያ መስመር ያለበትን ፋይል የጻፍኩት እኔ ነኝ! በረንዳው ላይ ለመንኩት። አልሰማም አለኝ። ገፋሁት።»

«አልሸሸም» አለች እኅትየዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። «ብያችሁ ነበር።»

ፕሮፌሰር በካቴና ወረደ። የፖሊስ መኪናው ከግቢው ሲወጣ አለቃው እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳየውን ዝርዝር ከፍቶ ወደ ታች እያወረደ ያነብ ነበር። ድንገት ጣቱ ቆመ።

«ፋይሉ የፕሮፌሰር ነው» አለ፣ እኅትየዋን ማየት አቅቶት። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ግን ባለፈው ወር የቀየራት፣ ስህተቱንም ያስገባው ሟቹ ራሱ ነው። ዛሬ ሊነግረኝ የነበረው የራሱን ጥፋት ነው።»