የጠፋው ፍለጋ

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ» አለ ሎጋው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

ቀና ብሎ አለማየቱ ነው ይበልጥ ያስጠረጠራት። ሎጋው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው፤ ይህን ቅጽል ስም ያወጣለት ቁመቱ ነው። የኮምፒውተር ክበባቸው መጽሐፍ የሚዋሱ ተማሪዎች የሚመዘገቡበት ፕሮግራም እየሠራ ነው። ዋናው ኮድ ያለው በሎጋው አካውንት ላይ ነው። እሷ የራሷን ቅጂ ወስዳ መጽሐፍ መፈለጊያውን ትጽፋለች፤ በዋናው ላይ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ቅጂዋን ከዋናው ጋር ታመሳስላለች። ዛሬ ስትከፍተው የሦስት ሳምንት ሥራዋ የለም። ቅጂዋ ቁርጥ ዋናውን መስሎ ቁጭ ብሏል።

የይለፍ ቃሏን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የክበቡ ኃላፊ ቲቸር መፈለጊያዋን ሲያደንቁም የሎጋው ፈገግታ የአንገት በላይ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ በቀጥታ ለቲቸር ነገረቻቸው። እሳቸውም ከእረፍት በኋላ እንደሚጠሩት፣ እውነት ሆኖ ከተገኘም ከክበቡ እንደሚያስወጡት ነገሯት።

በእረፍት ሰዓት ማስረጃ ልትይዝበት፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን የቅጂዋን መዝገብ ከፈተች። ሥራዋ የጠፋው ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ በራሷ አካውንት። ያዝኩህ አለች በልቧ። ቆይ፣ በዚያ ሰዓት እሷ የት ነበረች?

ቁርስ ላይ። በእናቷ ስልክ ቅጂዋን እያመሳሰለች ነበር። እናቷ ቦርሳዋን አንግታ፣ ስልኬን አምጪ ረፈደብኝ እያለች አጠገቧ ቆማ ነበር። ስልኩ ቅጂሽ ከዋናው ጋር አልገጠመም፣ የራስሽን ለውጥ ልጣለው ወይ ብሎ ጠየቃት። አንብባ ሳትጨርስ «እሺ»ን ነካች።

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ዘወር ብላ አየች፤ ማንም ልብ አላላትም። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ጥርጣሬው እንደሆነ ተመቻችቶ እሱ ላይ አርፏል። ምናለ የዋሸው ሎጋው በሆነ ብላ ተመኘች፤ መመኘቷም ራሷን አስጠላት።

ደወሉ ሲደወል ከቲቸር ቢሮ ደጃፍ ላይ ደረሰችበት። ሎጋው ከንፈሩ ደርቋል።

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አለችው።

«ደግሞ ምን ልትጨምሪብኝ ነው?»

«ስለ አንተ አይደለም የማወራው» አለችና በሩን አንኳኳች።