የዓርብ ዘጠኝ ሰዓት

ጓንጉልን ሲያገኙት ከገመድ አልጋው ወርዶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። አፉ ዙሪያ አረፋ ደርቋል፤ የዓይኑ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ግድግዳው ግን አምሮበት ነበር። የሰሊጥ ኩባንያው ሠራተኞች በዚያው ጠዋት በበጎ ፈቃድ አረንጓዴ ቀብተውት ስለሄዱ፣ ሟቹ ለመነሣት ሲታገል አምስት ጣቱ ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ ታትሞ ቀረ።

ጥቅምት ነው፤ ሰሊጥ የሚታጨድበት፣ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የመጣ የቀን ሠራተኛ የሱዳኗን ገዳሪፍ የሚሞላበት ወር። ኩባንያው «አንድ ዓርብ ለድሆች» ብሎ ሠራተኞቹን አረንጓዴ ሰደርያ አልብሶ ከተማው ዳር ወዳለው ሰፈር አፈሰሳቸው። ግድግዳ ቀቡ፣ ቁርስ አበሉ፣ ልጆች ላሏቸው አርባ ቤቶች አርባ ከረጢት ማሽላ አደሉ። ፎቶም ተነሡ፤ ኧረ ፎቶስ ተነሡ! አንዲት አሮጊት ፎቶው አላምር እያለ ያንኑ ከረጢት ሦስት ጊዜ ተቀብላ ሦስት ጊዜ መልሳለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የጣቢያው መቶ አለቃ እንደ ልማዱ ከአሰጋሽ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አሰጋሽ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። መተማ ሳለች አሥራ ስምንት ዓመት መርማሪ ፖሊስ ነበረች፤ ጦርነት ከዚያ ነቅሎ እዚህ ጣላት። ሻይ የሚጠጣ ሰው ሻይ ቀጂዋን እንደ ዕቃ ነው የሚቆጥራት፤ ስለዚህ ዛሬ የምትሰማው በድሮው ሥራዋ ከምትሰማው ይበልጣል። መቶ አለቃው ይህን ያውቃል፤ ሁለት የጠፉ ሰዎችን አግኝታለታለች።

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ነገሩ ኸላስ አለቀ» አላት በዐረብኛ። «ቁርሱን የሠራችው ሴት ናት። ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ያለ ፈቃድ የወጣች። እሷ ከትግራይ፣ ሟቹ ከጎንደር፤ የእናንተን ጦርነት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቁርሱ የተበላው አስ-ሳዓ ቲስዓ፣ ሰውየውም የታመመው አስ-ሳዓ ቲስዓ። ምን ቀረ?» ቲስዓ በዐረብኛ ዘጠኝ ነው።

«መታመሙን ማን ነገረህ?»

«ጎረቤቱ። ኩባንያው ውስጥ የምትሠራው ልጅ ሂያም ተረጎመችልኝ። ያቺን ሴት ቀትር ላይ የእስር ቤቱ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«እስከ ቀትር ስጠኝ።»

«ለምን ብዬ?»

«ሻይህን ያለ ስኳር አቅርቤልህ አውቃለሁ?»

ሳቀና ቁልፉን አነሣ።

የታሰረችው ሴት ትዕበ ከእስር ክፍሉ ጥግ ተኮራምታ ነበር። አሰጋሽን ስታይ አልተነሣችም፤ የጎንደር ሰው ሊረዳት ይመጣል ብላ አላሰበችም።

«ምን ሠራሽ?» አለቻት አሰጋሽ።

«ፉል። ጅብና የሚሉትን አይባቸውን ፈርፍሪበት አሉኝ፤ ድስቱን ሙሉ ፈረፈርኩበት። ጓንጉል አልቀመሰውም። ‹ዓርብ አይደል እንዴ፣ ትዕበ› ብሎ ሳህኑን መለሰልኝ። ለፖሊሱ ተናግሬያለሁ፤ ማን ይሰማኛል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ብቻዋን ናት። ዘቢብ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔን ከወሰዱኝ እሷን ማን ያስጠጋታል? ሰፈሩ ከአሁኑ ‹የመርዘኛ ልጅ› እያላት ነው።»

እውነት ለመናገር፣ ትናንት ማታ ሰፈሩ ትዕበን ሲያማት አሰጋሽም በልቧ «ይሆናል» ብላ ነበር። ይህን አስታውሳ አፈረች።

ከዚያ መቶ አለቃውን አስከትላ ወደ ጓንጉል ቤት ሄደች። ከበሩ ላይ ጎረቤቱ ታምሬ ተቀምጧል፤ ዕድሜውን በሰው እርሻ የጨረሰ ሽማግሌ ነው።

«አያ ታምሬ፣ እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ፣ እታለም። ዓርብና ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ የማይቀምስ ሰው ነበር። ዘጠኝ ካለፈ በኋላ ሲያስመልሰው ሰማሁ። ሐኪም ፍለጋ ሮጥኩ፤ ስመለስ ነፍሱ ወጥታለች።»

«ለፖሊሱስ ምን አልከው?»

«ያንኑ ነዋ! ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ታመመ አልኩት።»

አሰጋሽ ፀሐዩን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ከአልጋው ሥር ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሳህን አለ። የተረፈው ፉል በሰሊጥ ዘይት ያብረቀርቃል። በጣቷ ሳትነካ በማንኪያ ገለጠችው፤ የአይብ ፍርፋሪ የለበትም። የሟቹ ጋቢ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ቋጠሮ አገኘች። ፈታችው፤ ጭብጥ የማትሞላ ማሽላ ናት። የገበሬ ልጅ አይደለችምና ምንም አልመሰላትም። ለማንኛውም ብላ ቋጥራ ኪሷ ከተተችው።

የኩባንያው መኽዘን፣ ማለትም መጋዘኑ፣ በሰሊጥ ወቅት ቅዳሜም ይሠራል። አሰጋሽ የዓርቡን በጎ ፈቃድ የመሩትን ሦስት ሰዎች በዐረብኛ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ጠየቀቻቸው፤ «አስ-ሳዓ ቲስዓ የት ነበርክ?» «የት ነበርሽ?»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ መለሰ። «መድረክ ላይ። ንግግር እያደረግሁ። ሁሉም ያየኝ መሰለኝ።»

«ፎቶ እያነሣሁ ነበር» አለች ሂያም፤ ስልኳንም አሳየቻት። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ከእናቷ ጓዳ የተማረች ልጅ ናት።

መኽዘን ጠባቂው ብርሁ የመተማ አገር ሰው ነው፤ ሱዳን ከገባ ሃያ ዓመት ሆኖታል። አንገቱ ላይ ማዕተብ አለው፤ ሲናገርም ረጋ ብሎ ነው። «ቤቴ ነበርኩ» አለ። «ምሳ በልቼ ጋደም እላለሁ፤ ፀሐዩን ታውቂዋለሽ። ካላመንሽ ሚስቴን ፀደይን ጠይቂያት።»

መቶ አለቃው ስልክ እያናገረ ነበርና አልሰማም። አሰጋሽ ፀደይን ልትጠይቅ ሄደች። የቆየችው ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ነው፤ ስትወጣ መቶ አለቃውን ሁሉንም ወደ ጓንጉል ግቢ እንዲጠራላት ጠየቀችው።

ለቀትር ጥቂት ሲቀር ሁሉም በጓንጉል ግቢ ተሰበሰቡ። ትዕበ እጇ እንደታሰረ ቆመች። የሰፈሩም ሰው አጥሩን ሞላው።

«መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል» አለች አሰጋሽ። «አያ ታምሬ፣ ጓንጉል ሲታመም ፀሐይ የት ነበረች?»

ታምሬ ወደ ምዕራብ ዘንበል አድርጎ ሰማዩን አመለከተ። «እዚያ። ዘጠኝ ሰዓት ነዋ።»

ሂያም አፏን ያዘች። «ያ ረቢ! ዘጠኝ ሲል ቲስዓ ብዬ ተረጎምኩት!»

«ቁጥሩ ልክ ነው፣ ልጄ። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። ሐበሻ ቀኑን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። የታምሬ ዘጠኝ የእናንተ ሦስት ነው፤ ከቀትር በኋላ። መቶ አለቃ፣ ጓንጉል የታመመው ቁርሱ ከተበላ ስድስት ሰዓት ቆይቶ፣ ጾሙን ሲፈታ ነው። የበላውም የትዕበን ፉል አይደለም። የሷ ድስት ሙሉ አይብ ነበር፤ እናንተም በልታችሁታል። ይህ ሳህን በዘይት ብቻ የተሠራ የጾም ፉል ነው። ያመጣለት ሰው መጾሙን ያውቃል፤ በስንት ሰዓት እንደሚፈታም ያውቃል።»

«ግማሹ ሰፈር ያውቃል» አለ ብርሁ።

«ያውቃል። ግን አንተን የጠየቅሁህ በዐረብኛ ነው፣ ብርሁ። ቲስዓ ብዬ። በመዝገቡም፣ በኩባንያውም፣ በሰው ሁሉ አፍ ቲስዓ የጠዋቱ ቁርስ ነው። ሥራ አስኪያጁም ሂያምም የነገሩኝ ስለ ጠዋቱ ነው። አንተ ግን ምሳ በልቼ ጋደም ብዬ ነበር አልከኝ። በጠዋቱ ቲስዓ ምን ያደርግ እንደነበር እዩት።» የሂያምን ስልክ አነሣች። ፎቶው ላይ ብርሁ ከሥራ አስኪያጁ ጎን ቆሟል። «አርባ ሰው የሚመሰክርለት ማስረጃ ነበረህ፤ አልጠቀስከውም። ሃያ ዓመት መኽዘኑን በዐረብ ሰዓት አስተዳድረሃል። የፈራሃት ሰዓት ግን በልብህ ውስጥ ዘጠኝ ነበረች።»

«ምላስ ያዳልጣል» አለ ብርሁ። ማዕተቡን በጣቱ ይጠቀልል ነበር።

«ሚስቴን ጠይቂ አልከኝ፤ ጠየቅኋት። ፀደይ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ‹የኔ ባል በጎ ፈቃዱን ለፎቶ አያደርግም፤ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሱ ለአንድ ጾመኛ ፉል አሠርቶኝ፣ በሰማያዊው ሳህን ይዞ ወጣ› አለችኝ። ሳህኑ እስኪመለስላት ትጠብቃለች።»

ብርሁ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አሰጋሽ ገዳዩ ማን እንደሆነ ደርሳበታለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ፎቶውን አሰፋችው። ጓንጉል የተከፈተ ጭብጡን ለብርሁ እያሳየ፣ ወደ ጆሮው ዘንበል ብሏል፤ ከኋላቸው ሁሉም ይስቃል። ኪሷን ዳሰሰችና ቋጠሮዋን ፈታች።

«ያሳየህ ይህን ነው። ምንድን ነው?»

ብርሁ አንገቱን ደፋ። ታምሬ ግን ተነሥቶ መጣ። ጥቂት ፍሬ ከመዳፏ ወሰደ፣ እንትፍ አለበትና በአውራ ጣቱ አሸው። መዳፉ ሮዝ ሆነ።

«ይህማ የዘር ማሽላ ነው!» ብሎ ወረወረው። «ነቀዝ እንዳይነካው መርዝ የሚቀቡት! የሚያቀሉትስ ሰው እንዳይበላው አይደል እንዴ? ከየት አመጣው?»

ብርሁ አንገቱን ሳያቀና መናገር ጀመረ። «ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ለዓርብ አርባ ከረጢት ፈልግ አለኝ። ከየት ብዬ ብጠይቀው ‹መኽዘኑ ሙሉ አይደል› አለ። ጊዜው ያለፈ ዘር ነበር። አሳጥቤ፣ አስጥቼ፣ አዲስ ከረጢት ውስጥ አሰፋሁት። ቀለሙ ከለቀቀ መርዙም ይለቅቃል ብዬ። አንዱ ከረጢት ተቀድዶ ጓንጉል አየው። ለሁሉም እናገራለሁ አለ። ከዘጠኝ በኋላ እንመካከር፣ ጾምህን የምትፈታበትም ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት። ያንኑ የነቀዝ መርዝ ፉሉ ውስጥ ጨመርኩበት።» እንባው ወረደ። «አመሰገነኝ።»

«ኩባንያው ይህን አያውቅም!» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ። «ሂያም፣ ፎቶዎቹን አሁኑኑ አጥፊ!»

ሂያም ሰደርያዋን አውልቃ እግሩ ሥር ጣለችው፤ ስልኩን ለመቶ አለቃው ሰጠች።

መቶ አለቃው የትዕበን እጅ ፈታ። እሷ ግን አላመሰገነችም፤ እጇንም አላሻሸችም። ዓይኗ የታምሬ መዳፍ ላይ ነበር።

«ለኔም ሰጥተውኛል» አለች። «ለድካምሽ ብለው። ከረጢቱ ቤት ነው... ዘቢብ!»

ሮጠች፤ አሰጋሽም ተከተለቻት። ማሽላው ከጠዋት ጀምሮ ኪሷ ውስጥ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ብታሳየው ኖሮ ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን ነፍሰ ገዳይ ስታሳድድ ዋለች። ይህን ሐሳብ በሩጫ ልታመልጠው አልቻለችም።

ዘቢብ ከደጃፉ ላይ ከገበቴ ጋር ተቀምጣ ነበር። እሳቱ ተያይዟል፤ ድስቱ ባዶ ነው።

«እናቴ፣ ሦስቴ አጠብኩት» አለች። «ውኃው አልጠራ አለኝ። እስክትመጪ ብዬ ነው።»

ትዕበ ገበቴውን በእርግጫ ደፋችው፤ ሮዝ ውኃ መሬቱ ላይ ሄደ። ልጅቷን በጥፊ መታቻት፤ ወዲያው ደግሞ አቅፋት እዬዬ አለች።

አሰጋሽ ዞር አለች። ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ይቀራል። ትናንት ዓርብ ስለነበር ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያስፈጨው ዛሬ ጠዋት ነው። ከኋላ የደረሰችው ሂያም በዐረብኛ፣ ትዕበ በትግርኛ፣ አሰጋሽ በአማርኛ «አትብሉ!» እያሉ በየመንገዱ ተበተኑ። ከየጣራው ጭስ ይወጣል። ሰዓቱን እኛ ስድስት እንለዋለን፣ እነሱ አሥራ ሁለት ይሉታል፤ በሁለቱም አቆጣጠር የምሳ ሰዓት ነው። ቀኑም ቅዳሜ ነበር፤ የሚጾም የለም።