ሳንቃው ላይ የጮኸ ስልክ

መርፌ ስትደርስ ፎርማኑ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ አሸዋው አጠገብ ተጋድሟል። የወረደው በደረጃ አልነበረም።

መርፌ የመርማሪዋ ቅጽል ስም ነው። ቀጭን ናት፤ የነካችው ሁሉ ደግሞ «ወይኔ!» ይላል።

ክሬን ነጂው በካቴና ታስሮ ቆሟል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተናንቀው ሰው ነው የገላገላቸው። ስለዚህ ፖሊሶቹ ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

«በክሬኑ ብሎኬት አወዛውዞ መትቶት ነው» አለ አንዱ።

«አልነካሁትም! የልጆች አባት ነኝ!»

«የልጆች አባትነት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ እስር ቤቱ ባዶ ይሆን ነበር» አለች መርፌ። «የሟቹ ስልክ የታለ?»

ስልኩ ከሬሳው ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ከሲሚንቶው ክምር ማዶ እንክትክት ብሏል። ርቀቱን ሁለት ጊዜ በእግሯ ለካችና ፎርማኑ ሲወድቅ ወዳየው የሕንፃው መሐንዲስ ዞረች።

«የእናንተስ ስልክ?»

«በር ላይ፣ ሳጥን ውስጥ። አምና አንድ ግንበኛ ስልክ እያወራ ከወደቀ ወዲህ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣው ፎርማኑ፣ የሚጥሰውም እሱ ብቻ።»

«የወደቀበት ሳንቃ ላይ እየሄደ ያወራ ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ! ድመት በሉት። አንድ ቀን ተደናቅፎ አያውቅም።»

«ዛሬስ?»

«ስልኩ ጠራ። ከኪሱ አወጣው፣ አየው፣ ኡኡ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ክሬኑን ልብ አላልኩም።»

ሳጥኑን የምትጠብቀው ሴት በሩ ላይ ተቀምጣለች። ቁልፉ ከአንገቷ ስለማይወርድ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል።

«ፎርማኑን በደንብ ታውቂዋለሽ፣ እትዬ?»

«አምና የወደቀው ግንበኛ ወንድሜ ነው። ካሳ ብለው እኔን እዚህ ቀጠሩኝ። ወንድም ሰጥቼ ወንበር ተቀበልኩ።»

«የወንድምሽን ዕቃ ማን ወሰደ?»

«ከእኔ ሌላ ማን ነበረው? ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

መርፌ ቢሮዋ ደውላ የአምናውን መዝገብ አስነበበች፤ ከውስጡም አንድ ቁጥር ጻፈች። ከዚያ ሁሉንም አሸዋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ብሎኬት የመታው ሰው ስልኩ ከእጁ ይወድቃል እንጂ ሃያ እርምጃ አይበርም። ሟቹ ወርውሮታል። ስልኩን እንደ እባብ የሚወረውር ደግሞ የፈራ ሰው ነው። ሳንቃ ላይ ሲያወራ የሚውል ሰው በጥሪ አይደነግጥም፤ የደዋዩ ስም ካላስደነገጠው በቀር። ሊደውል የማይችል ሰው ደወለለት።»

«ሙት ደወለ ሊሉን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ሙትማ አይደውልም። የሙት ስልክ ግን ካርድ ከተሞላለት ይደውላል።»

የጻፈችውን ቁጥር ደወለች። እትዬ ቁልፍ ሹራብ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«አታነሺውም?»

«የሚያነሳው ወንድሜ ነበር» አለች ሴትዮዋ፣ ቅንድቧ እንኳ ሳይነቃነቅ። «ፎርማኑ ሲደውል ያላነሳ፣ ነገ አይመጣም። ስለዚህ ገመድ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎም ያነሳ ነበር። ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ ስልኩን ይዞ ሲወጣ እዚህ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ዛሬ ጠባቡ ሳንቃ ላይ እስኪደርስ ጠበቅኩና ደወልኩለት። ስሙን ያንብብ ብዬ።»

«ይሄኛውስ?» መርፌ ወደ ክሬን ነጂው ጠቆመች። «በአንቺ ሥራ ዕድሜ ልኩን ሲታሰር ዝም ልትዪ?»

«እሱኑ ጠይቂው።»

ክሬን ነጂው መሬት መሬቱን አየ። መርፌ ካቴናውን ፈታችለት፤ እሱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

«አምና... ፎርማኑ አልደወለም፣ ልጁ የራሱን ወሬ ሲያወራ ወደቀ ብዬ መስክሬ ፈርሜያለሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው።»

«ስንት ጊዜ ደወለለት?» አለች እትዬ ቁልፍ።

«ሦስቴ። ሦስተኛው ላይ ገመዱን ለቀቀ።»

መርፌ ደብተሯን አወጣች። «ድገመው። ልጻፈው።»

እትዬ ቁልፍ ሁለት እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።

«ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ። አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ። እኔ አልቸኩልም።»