ቀልቡ የት ሄደ?

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ኮምፒውተሩ ላይ የመጽሐፉን ርዕስ ግማሽ እንደጻፉ የቀሩት ፊደላት ዘለው የስልክ ቁጥሩ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ዘለሉ።

«ይሄ ፕሮግራም ነው ፌንጣ?» አለ አንዱ ተማሪ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ክፍሉ «ቆቅ» የሚላት ተማሪ ፊቷ ጋለ። «ሽቅርቅር» ከሚሏት ጓደኛዋ ጋር የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚዋሱትን እንዲመዘግብበት ብለው የለፉበት ፕሮግራም ነው። ኃላፊዋ ዛሬ ካልወደዱት ልፋታቸው ሁሉ ውሃ በላው። ትናንት «ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፣ አትጨናነቂ ባክሽ» ያለቻት ደግሞ ሽቅርቅር ናት።

«የማን ስህተት ነው?» አሉ መምህሩ።

«ሳጥኖቹን የሠራችው እሷ ናት፣ ቲቸር» አለች ሽቅርቅር ጥፍሯን እያየች።

እሷ! ቆቅ ጥርሷን ነከሰች።

«እስቲ ቀልቡ የት እንደሚሄድ ፈትሺ» አሏት መምህሩ። ፎከስን «ቀልብ» ነበር የሚሉት። የፕሮግራሙ መስኮት ላይ የቱንም ያህል ሳጥን ቢደረደር ቀልቡ አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ የሚጻፈውም እዚያው ይገባል።

ቆቅ ኪቦርዱን እየደበደበች አንድ መስመር ጨመረች፤ ቀልቡን የያዘው ሳጥን ማን እንደሆነ ከታች እንዲታይ። ከዚያ ርዕስ እየጻፈች ከታች የሚወጣውን አየች፦ ርዕስ፣ ርዕስ፣ ርዕስ... ስልክ! ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ከላይ ያለው «እንኳን ደህና መጡ» ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ተቀየረ።

ይህን ሮዝ እሷ አታውቀውም። ኮዱን ገለጠች። ጽሑፉ ቀለም በቀየረ ቁጥር ቀልቡን ነጥቆ ስልክ ቁጥሩ ላይ ይጥለዋል። ከመስመሩ ጎን በሽቅርቅር አጻጻፍ የተተወ ማስታወሻ «ትንሽ እናሳምረው ብዬ ነው» ይላል።

ጣቷ ማጥፊያ ቁልፉ ላይ አረፈ። አንዴ ብትጫነው ያልቃል፤ ማንም አያውቅም። ጮክ ብላ ብታነበው ደግሞ ያ ሁሉ ሳቅ ወደ ሽቅርቅር ይዞራል። ይበላት! ደግሞ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ ትላለች!

«አገኘሽው?» አሉ መምህሩ።

«አዎ፣ ቲቸር።»

ሽቅርቅር ጠጋ ብላ ስክሪኑን አየች። «ቆቅዬ፣ በናትሽ...» አለች በሹክሹክታ።

«ቆቅዬ አትበይኝ።» የቆቅ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። ጣቷን ከማጥፊያው አነሳች፤ ተነሥታም ወንበሩን ገፋችላት። «ቁጭ በይ። አንቺው አጥፊው። ከዚያ ምን እንደነበር አንቺው ንገሪያቸው።»

ክንዷን አጣጥፋ፣ ከወንበሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።