አሚን የሚጠብቀው ላፕቶፕ

ጂን፣ ዛር፣ መንፈስ ሲባል ከሚያሾፉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፣ እናቴ ከወሎ ደውላ «ከማል፣ ፍል ውሃ ስትደፋ ቢስሚላህ በል» ስትለኝ እንኳ እስቅ ነበር፣ ካምፓላ ቡኮቶ ሰፈር ኮምፒውተር እየጠገነ ለሚኖር ሰው መንፈስ ማለት የላላ ሽቦ ነው። አሁን የምነግርህን ግን እንደፈለግህ ውሰደው።

ጊዜው ሁለተኛው የኮሮና መዘጋት ነው፣ ትምህርት በኢንተርኔት ሆኖ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የማስነሳቸው ፍላሽ ላይ በምትገባ ሊኑክስ በምትባል አንዲት ትንሽዬ የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም ነው፣ እመነኝ፣ ጉደኛ ነገር ናት፣ ሃርድ ዲስክ አትፈልግም፣ ከፍላሹ ተነስታ ሜሞሪው ላይ ትሰፍራለች፣ ከዚያ ፍላሹን ብትነቅለው እንኳ ትሠራለች። ሥራህን ካላስቀመጥክላት ግን ስትዘጋት ሁሉን ትረሳለች፣ በማግስቱ እንደ እንግዳ ቋንቋህንና ሰዓትህን እንደ አዲስ ትጠይቅሃለች።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያወርደው፣ እትዬ ጦይባ ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልለው ናካዋ ከሚባለው ሰፈር በእግራቸው መጡ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ሁሴን፣ የቅመም ነጋዴው፣ በኮሮና ካረፉ ገና ቅርብ ነው። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ለልጃቸው ለሐያት ኒካህ የሚሆን ምርቃት ላፕቶፑ ላይ ቀድተው ነበር፣ ኒካሁ ደግሞ አርብ ነው።

«ከማሌ፣ ያለ አባቷ ምርቃት እንዴት አድርጌ ልዳራት?» አሉኝ።

«አብሽሩ እትዬ» አልኩ፣ ዲስኩ ግን አልቆለታል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነበብም። አውጥቼ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩትና፣ ቢያንስ ማሽኑ ደህና መሆኑን ልይ ብዬ በትንሿ ሊኑክስ አስነሳሁት። ሲነሳ ፍላሹን ነቀልኩ። ልብ በል እንግዲህ፣ ማሽኑ ውስጥ ዲስክ የለም፣ ፍላሽ የለም፣ ባትሪውም ከሞተ ቆይቷል፣ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ የሰማሁት ጠቅታ ነው፣ ጨርቁ ላይ ከተኛው ዲስክ፣ አንድ ሽቦ ሳይነካው። ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጥሎ ስፒከሩ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ሐያት፣ አላህ ትዳርሽን ያሳምርልሽ» አለ የጋሽ ሁሴን ድምፅ።

ከዚያ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ የተከፈተ ነገር የለም። ድምፁ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ፣ አገራችን ውስጥ መራቂ አሚን ካልተባለለት እንደማይቀጥል ታውቃለህ መቼም። እትዬ ጦይባ «አሚን» አሉ። ወዲያው «ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ» ብሎ ቀጠለ።

«ሲቀዳ አጠገቡ ነበርኩ እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «የኔ አሚን እዚያው ውስጥ ነበረ። የት ሄደ?»

ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ድምፁ አሚኑን እየጠበቀ፣ እሳቸው እያለቀሱ አሚን እያሉ፣ ምርቃቱ ወደ ማለቂያው ደረሰ።

«ጦይባ» አለ፣ «አላህ ሳይቆይ ያገናኘን።»

እትዬ ጦይባ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይሄን አላለም» አሉኝ፣ «ያን ቀን ይሄን አላለም!»

ማናችንም አሚን አላልንም። ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ መብራት ሄደ፣ የመንገዱ ሱቅ ሁሉ ጨለመ፣ ማሽኑም ጠፋ፣ አልዋሽህም፣ እፎይ አልኩ። ከጠፋው ማሽን ውስጥ ግን፣ ወላሂ፣ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ አሚን እንዳይሉ!» አልኩ እጃቸውን ይዤ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ኒካሁ አርብ ተደረገ። ስልኬ ላይ የተቀዳው ሲከፈት ዝናብና የእናትየው አሚን ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ መጨረሻውን ደግሞ ዝናቡ ውጦታል፣ ሐያት ግን ያንኑ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ ዋለች። እትዬ ጦይባ አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው፣ ዛሬም ቶሎ ቶሎ እደውልላቸዋለሁ፣ ስልኩን እስኪያነሱት ጥሪውን እቆጥራለሁ፣ ያን ቀን አሚን ብለው እንደሆነ ግን ደፍሬ አልጠየቅኩም።

እትዬ ጦይባ «ላፕቶፑን ቤቴ አላስገባም» ስላሉ እኔ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣና ሱቁ ሰው ሲያጣ ያ የጉሮሮ ድምፅ ይሰማኛል። ባለፈው አንዲት እናት ኮምፒውተራቸውን ተቀብለው «እድሜ ይስጥህ ልጄ» ብለው መረቁኝ፣ እኔ ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩ፣ ምን ዓይነት ሰው አሳደገው ብለው ታዝበውኝ ሄዱ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ አሚን ብል ለየትኛው ምርቃት እንደሚቆጠር አላውቅማ።