የተቆረጠችው መስመር

«አንቺ! ይሄ ምንድን ነው?»

ሊሙንጋ የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክለብ ላፕቶፕ ወደ ኤናንጋ አዞረችው። ኤናንጋ የያዘችውን ፓፍ ፓፍ ብስኩት እያላመጠች ጎንበስ ብላ አነበበች። «እርማቱን ተቀብያለሁ። ግሩም ሥራ ነው፤ እናመሰግናለን፣ ኤናንጋ!» ይላል። የጻፈው ታንጌኒ ነው፤ ዊንድሁክ ከተማ ተቀምጦ የኪቦርዱን ፕሮግራም የሚያስተዳድረው ሰው።

ኤናንጋ ክው አለች።

ኪቦርዱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን መጻፊያ ነው፤ የሁሉም ነው። የእነሱን ሞክፕዌ ጨምሮ ስንቱ ቋንቋ ይጻፍበታል። ስህተት ያገኘ ሰው ኮዱን ያርምና እርማቱን በኢሜይል ለሁሉም ይልካል፤ አይተው፣ ተከራክረው፣ ጥሩ ከሆነ ያስገቡታል። ፈጠን ብለው ሲጽፉበት ፊደል የሚውጠውን ስህተት ያገኘችው ሊሙንጋ ናት። ክረምቱን ሙሉ ስትታገል ከርማ ያረመችውም እሷው። ቤቷ ኢንተርኔት ስለሌለ በፍላሽ አምጥታ፣ «ላኪልኝ» ብላ ለኤናንጋ ሰጠቻት። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ስምሽን አልነካሁም! እናቴ ትሙት!»

«ታዲያ ስሜ በእግሩ ሄደ?»

«ሊሙ፣ አውቄ አይደለም፣ ሙች!»

«ተይኝ ባክሽ! ከክለቡ እርማቱ የገባለት አንድ ልጅ ዱዋላ ለሥልጠና እንደሚሄድ ጠፍቶሽ ነው? ጓደኛ መስለሽኝ!» ድምፅዋ ተሰበረ። ቦርሳዋን መንጭቃ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ኤናንጋ ፍላሹን ሰካች። የሊሙንጋን ፋይልና የላከችውን ኢሜይል ጎን ለጎን ከፈተች። የፋይሉ አናት ላይ «ከ፦ ሊሙንጋ ሞሉዋ» የሚል መስመር አለ። ኢሜይሉ ላይ የለም። ያኔ ትዝ አላት፤ «ላኪዋ እኔ ሆኜ ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብላ በገዛ እጇ ቆርጣ ጥላዋለች። ያ መስመር ከሌለ ደግሞ እርማቶቹን የሚመዘግበው ፕሮግራም ላኪውን ሠሪ አድርጎ ይመዘግባል።

«ውይ! ውይ በሞትኩት!»

የክለቡ ኃላፊ ቲቸር ሊዮንጋ እየሳቀ ገባ። «ጎበዝ የኔ ልጅ! ስምሽን ለዱዋላ አስተላለፍኩት እኮ!»

«ቲቸር፣ ሥራው የሊሙንጋ ነው።» መስመሩን አሳየችው።

ሳቁ ጠፋ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ታንጌኒ ዛሬ ማታ ወደ ዋናው ኮድ ያስገባዋል። አንዴ ከገባ ስም አይለወጥም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቡኤያ ልጆች ሌቦች ናቸው ልታሰኚን ነው? ዝም በይ። ሊሙንጋን እኔ አባብላታለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ትሄዳለች።»

ሲኮርጁ ያገኛቸውን ልጆች መግቢያ የሚያሳጣው ቲቸር ሊዮንጋ ይህን ይላል ብላ ኤናንጋ በህልሟም አላሰበችም። ይባስ ያስደነገጣት ግን የገዛ ሆዷ ነው። «እሺ በይው፣ እሺ በይው» ይላታል። ዱዋላን አይታ አታውቅም።

«ተግባባን?» አለ ቲቸር። መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ክፍል ሄደ።

ለታንጌኒ ብቻ፣ ማንም ሳያይ፣ አጭር ይቅርታ መጻፍ ጀመረች። ግን እሱ ስሙን ቢያስተካክልም ምስጋናውን ያነበበ ሰው ሁሉ እሷ እንደሠራችው ማሰቡ አይቀርም። ሊሙንጋም እንደ ሌባ እንዳየቻት ትቀራለች። የጀመረችውን አጠፋችው።

እርማት ሁለተኛ ጊዜ ሲላክ፣ ከመጀመሪያው ምን እንደተለወጠ ከሥሩ መግለጽ የግድ ነው። ኤናንጋ የሊሙንጋን መስመር አናቱ ላይ መለሰች። ርዕሱ ላይ «ሁለተኛ» ብላ ጻፈች። ከሥሩም እንዲህ አለች፦

«የተለወጠው፦ ኮዱ ያው ነው። የሠራችው ሊሙንጋ ሞሉዋ ናት። ስሟን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዱዋላ መሄድ ያለባትም እሷ ናት።»

አድራሻው ቦታ ላይ የታንጌኒን ብቻ ነበር የጻፈችው። የሁሉንም ጨመረች፤ የቲቸር ሊዮንጋንም።

«ይላክ?» አለ ላፕቶፑ።

«አዎ»ን ተጫነች። ከዚያ ዣንጥላ እንኳ ሳትይዝ ሊሙንጋን ፍለጋ ወጣች።